የደጋው ትኩሳትና የደም ምርመራ

በሰሜን ወሎ ዞን የምትገኘው ጋሸና ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ ቅዝቃዜዋ ለወባ ትንኝ አይመችም። ይሁንና ከወልዲያ ወደ ወረታ የሚዘልቀው መንገድና የላሊበላው መገንጠያ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ለአዝመራ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርድ የደጋ ሠራተኛ የወባ ተህዋስያንን በደሙ ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ የመከላከል አቅም ስላላዳበረም ሕመሙ ይጠናበታል። በ1951 ዓ.ም. ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ወዳሉ አካባቢዎች ጭምር የዘለቀው ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰዎችን እንደገደለ ይገመታል።

በደጋ ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም። በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻም በምልክት ይመሳሰሉታል። ፈጣን የወባ መመርመሪያው በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ቢሰጥም የሚለየው ወባን ብቻ ነው፤ ታክሞ በዳነ ሰው ላይም ለሳምንታት ወባ እንዳለ ሊያመለክት ይችላል። በጊምሳ ቀለም የተዘጋጀ የደም ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን የወባውን ዓይነትና መጠን፣ አልፎም የግርሻን ተህዋስ ያሳያል።

በመሆኑም «ወባ የለም» በሚል ምክንያት የደጋ ጤና ጣቢያዎችን የላቦራቶሪ በጀት መቀነስ የተሳሳተ ስሌት ነው። ወባ ያለበት ናሙና እምብዛም የማያጋጥመው ባለሙያ የመለየት ክህሎቱ እየደከመ ስለሚሄድ፣ የናሙና ዳግም ፍተሻውና የሥራ ላይ ሥልጠናው ከቆላው ባላነሰ ለደጋውም ሊደርስ ይገባል።