ከፋዩን ትተን መንገዱን እንይ
ስለ ድርጅትና ስለ ከነማ ክለቦች ለሚነገረው የተለመደ አስተያየት የተሰጠ ምላሽ

በስፖርት ፕሮግራሞቻችን፣ በጋዜጣ ዓምዶችና ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች አንድ አስተያየት ክርክር የማያሻው እውነት ሆኖ ከተያዘ ሰንብቷል። ክለቦቻችን የማያድጉት የሕዝብ ስላልሆኑ ነው ይባላል። ባንክ፣ መድን፣ መከላከያ፣ ቢራ ፋብሪካና የከተማ አስተዳደር የሚቀልቡት ቡድን የበጀት ልጅ ነው፤ በጀቱ የነጠፈ ቀን አብሮ ይነጥፋል። መድኃኒቱም እዚያው ይታዘዛል፦ ክለቦች ከመንግሥትና ከፋብሪካ ኪስ ወጥተው በደጋፊ መዋጮ፣ በአክሲዮንና በማሊያ ሽያጭ ይቁሙ።

ይህን አስተያየት ሳልሰማው ላጣጥለው አልፈልግም፤ በእጁ ጥሩ ማስረጃ አለ። ዳሸን ቢራ ጎንደር ላይ በፋብሪካው ስም ቡድን አቋቁሞ እስከ ፕሪምየር ሊግ አድርሶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ በትልቁ ሊግ አልታየም። በዚያው ዓመት ከታች ያደገው ፋሲል ከነማ ደግሞ ስታዲየም የሚሞላ ደጋፊ ይዞ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አነሳ። አንድ ከተማ፣ ሁለት ክለብ፤ የቢራው ጠፋ፣ የሕዝቡ ነገሠ። ነገሩ ያለቀለት ይመስላል።

አላለቀም። የነገሠው ክለብ ራሱ የከተማው አስተዳደር በጀት የሚደግፈው፣ በደረቱም የዚያኑ የቢራ ፋብሪካ ስም ይዞ የተጫወተ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውንም ሊግ እንይ፤ የ2016ን ዋንጫ የወሰደው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ የ2017ን የወሰደው ኢትዮጵያ መድን ነው። አስተያየቱ «ታሪክ አይሠሩም» የሚላቸው ድርጅቶች ዋንጫውን ተቀባብለውታል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ከፋዩ ማን መሆኑ የክለብን ዕድል አይወስንም። የሚወስነው ክለቡ ልጅ የሚያገኝበት መንገድ ነው። ዓመታት ሙሉ ስለ ከፋዩ ስንከራከር ስለ መንገዱ የጠየቀ የለም።

በመጀመሪያ የራሳችንን መዝገብ እንግለጥ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክን (ግብፅን) ከጭማሪ ሰዓት በኋላ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ከአራቱ ጎሎች አንዷን ግርማ ተክሌ፣ አንዷን አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ አንዷን ወንድሙ ኢታሎ፣ የመጨረሻዋን መንግሥቱ ወርቁ አስቆጠሩ። ሉቻኖ የአሥመራ ልጅ ነው፤ ያኔ የሚጫወተው ግን ሰው «ኮተን» በሚለው የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ክለብ ነበር። ኮተን እ.ኤ.አ. በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። የ1961ን እና የ1964ን ዋንጫ የወሰደውስ? ኢትዮ ሲሚንቶ፣ እሱም የድሬዳዋ ፋብሪካ። እንግዲህ የአገሪቱ እግር ኳስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ባልደረሰበት ከፍታ ላይ በቆመበት ዘመን፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ዋንጫው ከጥጥና ከሲሚንቶ እጅ አልወጣም። «የፋብሪካ ክለብ ታሪክ አይሠራም» የሚል ሰው መጀመሪያ ይህን ማስተባበል ይኖርበታል።

ከውጭ ምስክር ልጥራ ካልኩ የቱርክን ቅርጫት ኳስ እመርጣለሁ፤ የፋብሪካ ክለብን ጥቅምም ጉዳትም አጉልቶ የሚያሳይ ሌላ አገር አላውቅምና። ኤጅዛጅባሺ የመድኃኒት፣ ኡልከር የብስኩት፣ ቶፋሽና ኦያክ ሬኖ የመኪና፣ ባንቪት የዶሮ ሥጋ ኩባንያዎች ናቸው፤ ሁሉም የቅርጫት ኳስ ቡድን ነበራቸው። ከሁሉም በላይ የገነነው ግን የቢራው ነው። ኤፌስ ፒልሰን እ.ኤ.አ. በ1976 (የቱርኩ ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኢስታንቡል ላይ ተመሠረተ፤ ትልቁ ሊግ በገባበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በ1979፣ ሻምፒዮን ሆነ። በ1993 ቱሪን ላይ በተደረገ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ በግሪኩ አሪስ 50 ለ 48 ተሸነፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ የኮራች ዋንጫን ከሚላኑ ስቴፋኔል ጋር ተጫውቶ የሁለቱ ጨዋታ ድምር 146 ለ 145 ሆነ፤ በአንዲት ነጥብ ዋንጫው ቱርክ ገባ። የኢስታንቡሉ ጋላታሳራይ በእግር ኳስ የአውሮፓ ዋንጫ ሊያነሳ ገና አራት ዓመት ይቀረው ነበር። በ2011 የአልኮል ማስታወቂያ ሕግ ሲጠብቅ ክለቡ «ፒልሰን» የሚለውን ስም አውልቆ አናዶሉ ኤፌስ ተባለ፤ ቡድኑ ግን አልፈረሰም። በ2021 እና በ2022 በተከታታይ የዩሮሊግ ሻምፒዮን ሆነ። የእኛም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ከቢራ ጋር ውል የነበራቸው ክለቦች ተመሳሳይ ፈተና ገጥሟቸዋልና ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ተቃዋሚዬ ወዲያው ቶፋሽን ያነሳብኛል። ያንሳ፤ እውነት ነው። የቡርሳው ቶፋሽ በ1999 እና በ2000 የቱርክ ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ ኩባንያው በቃኝ አለና ዋንጫው በእጁ እንዳለ ትልቁን ቡድን ዘጋ። ኡልከርም የ2006ን ዋንጫ ወስዶ በዚያው ዓመት ከፌነርባህቼ ጋር ተዋሃደ። ፋብሪካ ሲሰለቸው ይሄዳል የሚለው ስጋት ከንቱ ስጋት አይደለም።

ይሁንና ቶፋሽ በተዘጋ ጊዜ እዚያ ይጫወት የነበረውን አንድ ወጣት እንከተል። መህመት ኦኩር ያሎቫ ከምትባል አነስተኛ የባሕር ዳርቻ ከተማ የወጣ ልጅ ነው። መጀመሪያ ኦያክ ሬኖ ወሰደው፤ ከዚያ ቶፋሽ። የቶፋሽ ትልቁ ቡድን ሲዘጋ ኤፌስ ተቀበለው፤ በ2002 ወደ ዲትሮይት ተሻገረ፤ በ2004 የኤን.ቢ.ኤ. ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ቱርካዊ ሆነ። ቡድኑ ተዘጋ፣ ልጁ ግን አልጠፋም። ከትንሽ ከተማ ወደ ቡርሳ፣ ከቡርሳ ወደ ኢስታንቡል የሚወስደው መንገድ በአንድ ከፋይ መሄድ የሚቆረጥ አልነበረም።

ከእኛ ዘንድ የእግር ኳስ ተጫዋቿ የሎዛ አበራ ታሪክ ይህንኑ ይመስላል። ከዱራሜ ተነስታ በሐዋሳ፣ በደደቢት፣ በአዳማና በንግድ ባንክ አልፋለች፤ ማልታ ድረስ ሄዳ ተጫውታለች። ደደቢት ዛሬ በትልቁ ሊግ የለም፤ እሷ ግን የብሔራዊ ቡድኑ ስም ሆና ቀረች። ልዩነቱ፣ የቱርኩ ልጅ የተዘረጋ መንገድ ነበረው፤ ለዱራሜዋ ልጅ መንገዱን ያወጡላት የገዛ እግሮቿ ናቸው ማለት ይቀላል።

አሁን ነገሩን ከስታዲየም አውጥቼ ወደ ደቡብ ጎንደር ምሥራቅ ልውሰደው፤ ላይና ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ። የፋሲል ከነማን ወይም የባሕር ዳር ከነማን ስም የሚጠራ ልጅ በየወረዳዎቹ ከተሞች፣ በነፋስ መውጫም በአርብ ገበያም፣ በስማዳዋ ወገዳም በመካነ ኢየሱስም ሞልቷል። ክለቡ «የሕዝብ» ከሆነ የእነዚህም መሆን አለበት። ነገር ግን ክለቡ ለእነሱ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

በአንድ የጋይንት ትምህርት ቤት ግቢ ያየሁት ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። ሜዳው ዳር ሁለት የብረት ምሰሶዎች ቆመዋል፤ የቅርጫት ኳስ ምሰሶዎች ናቸው። አንደኛው ላይ ጣውላውም ቀለበቱም የለም። ሁለተኛው ቀለበቱ ተርፎታል፤ ከቀለበቱ ላይ ግን በሽቦ የታሰረ የመኪና ቸርኬ ተንጠልጥሏል። የትምህርት ቤቱ ደወል ነው። ዘበኛው በብረት ሲመታው ልጆቹ ከየሜዳው ይሮጣሉ፤ የጨርቅ ኳስ የሚያንከባልሉትም፣ መረብ ኳሱን በገመድ ላይ የሚያሳልፉትም። በዚያ ቀለበት ውስጥ ኳስ ሲገባ አይቶ የሚያውቅ እንዳለ ብጠይቅ ልጆቹ ሳቁብኝ። ምሰሶውን ያቆመ ከፋይ ነበረ ማለት ነው፤ ገንዘቡ ወጥቷል። ያልነበረው ኳስ ይዞ የሚመጣ አሰልጣኝ፣ ከአሰልጣኙ ቀጥሎ ያለ ውድድር፣ ከውድድሩ ቀጥሎ የሚጠብቅ ክለብ ነው።

«የገጠር ልጅ የቡድን ጨዋታ ባህል የለውም፣ ሩጫ ይሻለዋል» የሚለኝ አይጠፋም። ታኅሣሥ 29 ቀን ከሰዓት በኋላ መስክ የወጣ ሰው ይህን አይልም። አገር ለሁለት ይከፈላል፤ የቆለመመ ዱላ የያዘው ሁሉ ሩሯን ተከትሎ ይጋፋል፤ ማን ከፊት እንደሚመታ፣ ማን ከኋላ እንደሚመልስ የሚያዝ አለ፤ ጌታ ከሎሌው እኩል ይጋፋል፣ ቢመታም መቆጣት ነውር ነው። ቦታ መያዝ፣ ለወገን ማቀበል፣ ሽንፈትን መቀበል፣ ሁሉም በገና ጨዋታ ውስጥ አለ። የጎደለው ገና በዓመት አንድ ቀን መሆኑ ነው፤ በማግስቱ ያንን ቀልጣፋ ልጅ የሚፈልገው የለም።

የሚፈልገው አለ እንጂ፤ ደላላው። ሰሊጥ አረም ሲደርስ ለመተማና ለሁመራ እርሻ ጠንካራ ወጣት የሚመለምል ሰው የስማዳንና የታች ጋይንትን ቀበሌዎች በስም ያውቃል፤ ማን ጉልበት እንዳለው፣ የማን ልጅ እንደሚታዘዝ፣ በየትኛው የገበያ ቀን እንደሚገኝ ያውቃል። አይሱዙ ያመጣል፣ ያሳፍራል፣ ይወስዳል። እንግዲህ መንገድ የለም ማለት አይቻልም። ከጋይንት ልጅን ነቅሶ ሩቅ አገር የሚያደርስ መንገድ ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ የተሠራው ለአረም እንጂ ለኳስ አይደለም። ደላላው የሚያውቀውን ክለቡ የማያውቀው በጀት አንሶት ነው ቢባል አላምንም፤ የደላላው በጀት ከክለቡ አይበልጥም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ምላሼ ሐሰት ይሆናል። ነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ከክፍል ወደ ጉድኝት፣ ከጉድኝት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን የሚሄደው የትምህርት ቤቶች ውድድር መነሻው ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ነው። ክፍሉ ባዶ ሲሆን የቀረው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። ሰላም ሲጠፋ ማንም ከፋይ፣ ሕዝብም ይሁን ባንክ፣ መንገዱን ብቻውን አይጠግነውም።

ሌላም መቀበል ያለብኝ ነገር አለ። የ2021ዱ የኤፌስ ቡድን የቆመው በአሜሪካዊው ሼን ላርኪንና በሰርቢያዊው ቫሲሊዬ ሚቺች ትከሻ ነው፤ ዋንጫ በገንዘብም ይገዛል። የፋሲል የ2013 ቡድንም በማሊያዊው ግብ ጠባቂ በሚኬል ሳማኬ እጅ ብዙ ነጥብ አድኗል። ይህን አልነቅፍም። ኤፌስ ግን ከዚያ ዋንጫ ዓመታት አስቀድሞ ሂዳየት ቱርኮግሉን ከወጣት ቡድኑ አሳድጎ በ2000 ለኤን.ቢ.ኤ. አብቅቷል፤ መቄዶንያ የተወለደውን ሴዲ ኦስማንንም በልጅነቱ ተቀብሎ አሳድጓል። የገዛው ባሳደገው ላይ ተጨምሮ ነው። እኛ የምንገዛው በባዶው ላይ ነው፤ በየክረምቱ ያው ተጫዋች ከክለብ ክለብ ሲዞር፣ ዋጋው ሲወጣ፣ ከፋዩ ሲማረር ይታያል። ከፋዩ የሚሰለቸውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ዘንድሮ የከፈለበት ነገር ለከርሞ በእጁ አይቀርም።

ስለዚህ ክርክሩ ይቀየር። የክለብ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ፣ ገንዘቡ ከማን መጣ ከሚለው ጥያቄ አጠገብ ሁለት ጥያቄ ይቀመጥ። ከበጀቱ ስንት ብር ከከተማው አስፋልት ውጭ ዋለ? ዘንድሮ ከየትኛው ወረዳ ስንት ታዳጊ ታየ? ለአራት ወረዳ አራት ተመላላሽ አሰልጣኝ፣ ከመኸር በኋላ ጥር ላይ የሚደረግ አንድ ውድድር፣ የተመረጠው ልጅ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ሲመጣ አድሮ የሚማርበት አንድ ቤት፤ ይህ ለአንድ የውጭ አጥቂ ከሚወጣው ወጪ ጋር የሚነጻጸር እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለም። ክለቡ ነገ ቢፈርስ እንኳ ልጁ እንደ ያሎቫው ልጅ ለሌላው ክለብ ይተርፋል።

ክለቡ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ በዚያው ይገኛል። የወገዳ ልጅ ስም በተጫዋቾቹ ዝርዝር ውስጥ የሰፈረለት ክለብ፣ ደመወዙን ቢራ ፋብሪካም ይክፈለው ባንክ፣ የስማዳ ሕዝብ ነው።