የወረዳውንስ አስተዳደር ማን ይጠይቀው?



አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። በእነርሱ ዘመን ሹም የሚጠየቀው በሾመው እንጂ በሚያስተዳድረው ሕዝብ አልነበረምና አባባሉ እውነት ነበረው። ዛሬ ግን ሕጉ ሌላ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ይሆናል ይላል። ሕዝቡም በመረጠው ሰው ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሣው ይችላል። ሕጉ ተለወጠ፤ ልማዳችን ግን ገና ከአሮጌው ተረት አልወጣም።

በዕረፍት ቀን በባትሃና በማንፉሃ ስንገናኝ ፖለቲካ እናወራለን። ወሬው ሁሉ ግን ስለ አራት ኪሎ ነው። ማን ተሾመ፣ ማን ወረደ፣ የትኛው ፓርቲ ከየትኛው ተጣላ እንላለን። ስለ ወረዳችን አስተዳዳሪና ስለ ቀበሌያችን ሊቀ መንበር ግን አንነጋገርም፤ ስማቸውን እንኳ የማናውቅ ብዙ ነን። ይህ ለእኔ የተገለበጠ ነገር ነው። ወደ ቤታችን ቶሎ የሚደርሰው እጅ የቤተ መንግሥቱ ሳይሆን የወረዳው ነው። የእናታችሁን መሬት የሚመዘግበው እርሱ ነው። የጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ የትምህርት ቤቱ መምህር፣ የመንደሩ ውኃ ከእርሱ በጀት ጋር የተያያዙ ናቸው። ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ ዐዋቂ ተብላ መታወቂያ ተጽፎላት ስትሰደድም ወረቀቱ ሲወጣ የኖረው ከአንድ የቀበሌ ጠረጴዛ ነው።

የምንመለሰውም ወደዚያው ነው። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ፣ የማቋቋሙ ሥራ በመጨረሻ የወደቀው በየክልሉና በየወረዳው ላይ ነበር። ከነዚያ ተመላሾች ብዙዎቹ ቃል የተገባላቸውን ሥራ፣ ብድርና መሥሪያ ቦታ ሲያጡ እንደገና ተሰደዱ። በዚያን ጊዜ «ለተመላሾች የተባለው ገንዘብ በየወረዳው ምን ላይ ዋለ?» ብሎ በግልጽ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ገንዘቡም የእኛ ነው። ከ1995 የበጀት ዓመት ጀምሮ በትልልቆቹ ክልሎች ወረዳዎች ጥቅል በጀት እየተቀበሉ በራሳቸው ምክር ቤት አጽድቀው እንዲሠሩ ተደረገ። የበጀቱ አብዛኛው ግን የሚያልቀው በመምህራን፣ በጤናና በግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ነው። ለግንባታ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲጠረግ፣ ውኃ ሲገባ «የሕዝብ ተሳትፎ» ተብሎ መዋጮ ይጠየቃል። ቤተሰቦቻችን ያንን መዋጮ ከየት ያመጡታል? እዚህ ሪያድ የሰው ልጅ ታቅፋ፣ የሰው ወለል ወልውላ ከምትልከው ሪያል ነው። አንዲት እህት ከደመወዟ ቀንሳ ለመንደሯ ትምህርት ቤት ስታዋጣ የወረዳውን የጎደለ በጀት እየሞላች ነው። የጎደለ የሞላ ሰው ሒሳብ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

«በምርጫ ይጠየቃሉ» የሚል ይኖራል። መሆን የነበረበትስ እንዲያ ነበር። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በሚያዝያ 2000 እና በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተካሂዷል። በሁለቱም ጊዜ ብዙ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን ስላገለሉ መቀመጫው ከሞላ ጎደል የገዥው ፓርቲ ሆነ። ቀጣዩ በ2010 ዓ.ም. መካሄድ ሲገባው ተላለፈ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫም ሕዝቡ የገጠር ወረዳውንና የቀበሌውን ምክር ቤት አልመረጠም። የድምፅ መስጫው ሳጥን ይህን ያህል ሲዘገይ ለሕዝብ የሚቀረው አንደበቱና ብዕሩ ነው።

ብዙ ዓይን የተጣለበት ነገር ተሸፍኖ እንደማይቀር በአዲስ አበባ አይተናል። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተማው የ25,491 የኮንዶሚኒየም ቤቶችን ዕጣ አወጣ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ፣ የዕጣው ኮምፒዩተር መዛባቱና መብቱ የሌላቸው ሰዎች በዝርዝሩ መግባታቸው ታወቀ፤ ዕጣው ተሰረዘ፣ ኃላፊዎችና ባለሙያዎችም ታሰሩ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ዕጣው እንደገና ወጣ። ያን ዕጣ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቆጣቢዎች ዓመታት ቆጥበው በዓይናቸው ይጠብቁት ነበር። የአንድ ገጠር ወረዳ የመዋጮ መዝገብ ግን ማን ይጠብቀዋል?

ጎረቤታችን ኬንያም በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ካውንቲ የተባሉ 47 የአካባቢ መስተዳድሮች አቋቁማለች። በ2020 የኪያምቡና የናይሮቢ ካውንቲ ገዥዎች በገንዘብና በሥልጣን አጠቃቀም ተከሰው በየምክር ቤታቸው ውሳኔና በአገሪቱ ሴኔት ድምፅ ከሥልጣን ወርደዋል። የአካባቢ ሹም መጠየቅ እንግዲህ ለአፍሪካ የማይሆን ነገር አይደለም።

ፍርሃቱን አላቃልልም። እኛ ሪያድ ሆነን የተናገርነውን ዋጋ የሚከፍለው እዚያ ያለ ወንድም ሊሆን ይችላል። ማዳበሪያ ሲታደል ስሙ ይዘለላል፤ ለአንድ ወረቀት ወር ይመላለሳል። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነትም በብዙ ወረዳዎች ጠያቂውም ተጠያቂውም በጠመንጃ መካከል ወድቀዋል። በምንኖርበት አገርም ሰልፍ ክልክል ነው። ስለዚህ ጀግንነት አልጠይቃችሁም፤ ብልሃት ግን አለ።

አንደኛ፣ ከሰውየው ይልቅ ሥራውን እንጠይቅ። «ሌቦች ናቸው» ማለት ቀላል ነው፤ መልስ ግን አያመጣም፣ ያለማስረጃ ስም ማጥፋትም በደል ነው። «ለውኃው ከየቤቱ ስንት ብር ተሰበሰበ? ስንቱ ወጣ? ቀሪው የት አለ?» የሚል ጥያቄ ግን ወይ በቁጥር ይመለሳል ወይ ዝምታው ራሱ ይመሰክራል።

ሁለተኛ፣ ቤተሰቦቻችን ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ መዋጮ እንዳይከፍሉ እንምከራቸው። ከ1998 ዓ.ም. በኋላ በብዙ ወረዳዎች በጀቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፍ ተለምዶ ነበር። ከተማ የሚማር ወንድም ካለ ሰሌዳውን በስልኩ አንሥቶ ይላክልን፤ ባዶ ከሆነም ባዶውን ያንሣው።

ሦስተኛ፣ ብቻችንን አንጠይቅ። አንዲት ሴት ስትጠይቅ «የእገሌ ልጅ» ተብላ ትታወቃለች። ከአንድ ወረዳ የመጡ ሠላሳ ሰዎች በአንድ ደብዳቤ ሲፈርሙ ግን ለይቶ ለመበቀል ያስቸግራል። ደብዳቤው ለአስተዳዳሪው ሆኖ ግልባጩ ለወረዳው ምክር ቤትና ለዞኑ ይድረስ።

አራተኛ፣ ሕጉን እንጥቀስ። የመረጃ ነፃነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። መልስ የተነፈገ ሰው በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ለተቋቋመው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል።

በመጨረሻም፣ መልካም የሠራውን እናመስግን። ጤና ጣቢያውን በጊዜው የጨረሰ፣ ሒሳቡን በሕዝብ ፊት ያነበበ አስተዳዳሪ ካለ ስሙን በደስታ እናንሣ። ሲመሰገን ያላየ ሹም ወቀሳን ሁሉ ከጠላት የመጣ ያደርገዋል።

መጻፍ የሚያስቸግራችሁ እህቶች ስለዚህ አትጨነቁ፤ ማመልከቻ መጻፍ የዘወትር ሥራዬ ነው። እናንተ የተዋጣውን ገንዘብ መጠን፣ ቀኑንና ደረሰኙን ይዛችሁ ኑ፤ ደብዳቤውን አብረን እንጽፈዋለን።