ቤዙን ከእጁ የወሰድነው ለምንድን ነው?



ይህን የምንጽፈው ሦስት ሰዎች ነን። አንዳችን ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ነው፣ አንዳችን ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተምራል፣ ሌላው የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብተን አናውቅም። ኪቦርድ፣ ሊድ ጊታርና ድራም የለመድነው የእሑድ ፕሮግራም አልቆ ሰው ሲወጣ አዳራሹ ውስጥ እየቀረን፣ ጥበቃው ቁልፉን እያንቃጨሉ «ልጆች፣ አይበቃም?» እስኪሉን ድረስ ነው። የሊቅነታችንን መጠን ለማወቅ የፈለገ ሰው ኪቦርዳችን ላይ ያለችውን የትራንስፖዝ ቁልፍ ይመልከት፤ ከመነካቷ ብዛት ጽሑፏ ጠፍቷል። ዘማሪው በየትኛውም ድምፅ ቢጀምር እጃችን ከለመደው ቦታ አይነቃነቅም፤ ቁልፏን ነው የምንጫነው።

አራተኛም ነበረን፤ ቤዝ ተጫዋች። ከአራታችን እውነተኛ ጆሮ የነበረው እሱ ብቻ ነው። አሁን በኋለኛው ተርታ፣ በበሩ በኩል ይቀመጣል። መዝሙር ሲጀመር ቀኝ እጁን ጭኑ ሥር እንደሚደብቅ አይተናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቱ የኩላሊት እጥበት ጀመሩ። ቤቱ የገባበት ሰው ያውቀዋል፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው፣ ቀጠሮ አይዘለልም፣ ክፍያውም «ነገ» አይባልም። ልጁ የሚሠራው ማተሚያ ቤት ነው። ከደመወዙ ላይ የቤት ኪራይና አስቤዛ ሲነሣ የሚተርፈው አንዱን ሳምንት አይሸፍንም። እኛ አዋጣን፣ ጉባኤውም አንድ ጊዜ መባ ሰበሰበለት፤ ይህን አንክድም። ከዚያ ሁላችንም ወደየኑሯችን ተመለስን፣ እጥበቱ ግን ቀጠለ። በዚህ መሐል ዓርብና ቅዳሜ ማታ አንድ ሆቴል ውስጥ የድሮ ዘፈኖች የሚጫወት ባንድ ቤዝ ተጫዋች ጎደለውና ጠየቁት። ገባ። የጥላሁን ገሠሠንና የማሕሙድ አህመድን ሥራዎች ለእራት እንግዶች ይጫወታል፣ ሲጨርስ ቤዙን ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ የመጨረሻውን ታክሲ ይይዛል። እሑድ ጠዋት ከሁላችንም ቀድሞ ደርሶ ገመድ ሲዘረጋ እናገኘዋለን። አንድ ሰው ሆቴሉ ውስጥ በስልኩ ቀረጸው። (ይህ ሰው ራሱ እዚያ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ የለም።) ቪዲዮው በወጣቶቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወጣ፣ በሳምንቱ ሽማግሌዎች ጠሩት፣ «ለጊዜው ከአገልግሎት እረፍ» ተባለ። ያ «ለጊዜው» ስምንት ወር ሞላው።

የቀረበበት ጥቅስ ገላትያ 5፥21 ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በአማርኛ ያደግን ወንጌላውያን ይህን ክፍል ከልጅነታችን ጀምሮ በቃላችን ይዘነዋል፤ በሥጋ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ ከስካር ቀጥሎ «ዘፋኝነት» የሚል ቃል አለ። በዚህ በአንድ ቃል ስንት ሙዚቀኛ በጓሮ በር እንደተሸኘ ጌታ ያውቃል።

እንግዲህ ቃሉን እንየው። እኛ ግሪክ አናነብም፣ መዝገበ ቃላት ግን እንከፍታለን። ሐዋርያው የጻፈው ቃል «ኮሞስ» ነው። በዚያ ዘመን ሰዎች ከጠጡ በኋላ በሌሊት ተሰብስበው እየጮኹና እየጨፈሩ ጎዳና ለጎዳና የሚዞሩበት፣ መጨረሻው መረን የሆነ ፈንጠዝያ ነው። ሮሜ 13፥13 ላይም፣ 1ኛ ጴጥሮስ 4፥3 ላይም ያው ቃል ነው ያለው፤ ሁለቱም ቦታ የተቀመጠው ከስካር ጎን ነው። የተወገዘው ያ ዓይነቱ ድግስ ነው። አውታር መትቶ እናቱን ስለሚያሳክም ልጅ እዚያ ውስጥ የተጻፈ ነገር አላገኘንም።

«ታዲያ ተርጓሚዎቹ ተሳስተዋል ልትሉ ነው?» የሚለን ይኖራል። የለም፣ አባቶች አልተሳሳቱም። «ዘፈን» በግዕዝ ጭፈራ ነው፤ በነባሩ መጽሐፍ ቅዱሳችንም ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚሁ ትርጉሙ ነው። መዝሙር 150ን በነባሩ ትርጉም አውጥታችሁ አንብቡ፤ ከከበሮ ጋር ተጣምሮ እግዚአብሔርን አመስግኑበት የተባለው ምንድን ነው? ዘፈን። የሙሴ እኅት ማርያም ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ ከበሮዋን ይዛ ስትወጣ ሴቶቹ የተከተሏት በምንድን ነው? አሁንም ዘፈን። ቃሉ በራሱ ኃጢአት ከሆነ እንግዲህ ማርያምንም ለጊዜው ከአገልግሎት እናሳርፋት። የሆነው ሌላ ነው፤ ቃሉ በእኛ ዕድሜ ሰፍቶ «መዝሙር ያልሆነ ሙዚቃ ሁሉ» ማለት ሆነ፣ እኛም የዛሬውን ትርጉም ወስደን ወደ ጥንቱ ጥቅስ ከተትነው።

ቃሉን ትተን ደግሞ ወደምናውቀው፣ ወደ ድምፁ እንምጣ። የአገራችን ዜማ በአብዛኛው የሚሠራው በአምስት ድምፅ ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የምንላቸው ቅኝቶች ናቸው። እሑድ ጠዋት ጉባኤው እያለቀሰ የሚዘምረውን የንስሐ መዝሙር የምናጅበው በትዝታ ማይነር ነው። ቅዳሜ ማታ የተለያት ፍቅረኛው የሚዘፈንላት በዚያው በትዝታ ማይነር ነው። ጣታችን ልዩነቱን አያውቅም። ለሠርግ መዝሙር ድራሙ ላይ የምንመታው ችክችካ በየሰፈሩ ድንኳን ከሚመታው በምንም አይለይም፤ ከዚያው ነው የተማርነው፣ ከሌላ ከየት እንማረው?

ባለፈው ዓመት አንድ የወጣቶች ኮንፈረንስ ላይ አዲስ መዝሙር ሲጀመር ሦስታችንም ተያየን። ታክሲ ውስጥ እናውቀዋለን። የቤዙ አካሄድ፣ የድራሙ ምት፣ የመግቢያዋ ኪቦርድ ሳይቀር በዚያ ሰሞን ከሳሪስ እስከ መገናኛ በየሚኒባሱ ሲጮኽ የነበረ ዘፈን ነው፤ የተለወጠው ግጥሙ ብቻ ነው። ጉባኤው ዘለለ፣ እኛም ዘለልን፣ እንዋሽ አንልም። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ሽማግሌ ማንንም አልጠራም። ዜማውን የደረሰው ሰው አልተጠየቀም፣ ስሙም አልተነሣ፣ አልተከፈለውም። አትስረቅ የሚለው ትእዛዝ በአፍሮቢት ላይ አይሠራም መሰለን! የሰው ዜማ የደራሲውን ስም ጠርቶ በግልጽ የተጫወተው ልጅ ዘፋኝ ተባለ፤ የሰው ዜማ ወስዶ ግጥሙን የቀየረው «የተቀባ» ተባለ። ይህን ለማስታረቅ ሞክረናል፣ አልታረቀልንም።

በዚህ ቦታ ላይ ወገኖቻችን ሉተርን ይጠራሉ፤ «እሱም ከመጠጥ ቤት ዜማ ወስዷል» ይላሉ። ይህ በየመድረኩ እንደሚነገረው አይደለም፤ የሚረዳን ክርክር ቢሆንም ያልሆነውን ሆነ አንልም። የምናውቀው ይህን ነው፤ ለልጆች የጻፈው የገና መዝሙር እ.ኤ.አ. በ1535 ሲታተም በአንድ የሕዝብ ዘፈን ዜማ ነበር፣ በ1539 ግን አዲስ ዜማ ተሠራለት፤ ምክንያቱ የመጀመሪያው ዜማ በየጭፈራው ይሰማ ስለነበር ነው ይባላል። እንግዲህ ይህ ታሪክ ለሁለታችንም ይናገራል፤ ተበድሮ ጀመረ፣ ከዚያ የራሱን ሠራ። እኛ አገር የቀረው ሁለተኛው ሥራ ነው። ወጣት ደራሲ ዜማ እንዲሠራ ጊዜም ገንዘብም የሚሰጥ የለም፤ በሦስት ቀን «ለኮንፈረንሱ አዲስ ነገር አምጡ» ሲባል ልጁ ታክሲ ውስጥ የሰማውን ባያመጣ ምን ያምጣ?

ዘፈን ሁሉ ይጽደቅ ማለታችን አይደለም። በየቀኑ ታክሲ እንሳፈራለን፣ በየካፌው እንቀመጣለን፣ ጆሯችን ክዳን የለውም። ሴትን እንደ ሸቀጥ ገላዋን እየቆጠረ የሚያሻሽጥ፣ ብርጭቆንና ገንዘብን የሚያመልክ ዘፈን በዝቷል፤ ድምፁ ደግሞ በኮምፒውተር ተስተካክሎ ተስተካክሎ የማን ጉሮሮ እንደሆነ እንኳ አይለይም። ልጆቻችን እንዲሰሙት አንፈልግም፣ ቤዝ ተጫዋቻችንም ያን ዓይነቱን ተጫወት ቢባል እምቢ እንደሚል እናውቃለን። ግን በግጥም የምንመዝን ከሆነ በራሳችንም ሚዛን እንቀመጥ። ከአዳዲሶቹ መዝሙሮቻችን ስንቱ ነው «ጠላቴ አፈረ፣ እኔ ከፍ አልኩ» ከማለት የሚያልፈው? ጠላት የተባለውም ብዙ ጊዜ ሰይጣን አይደለም፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ነው፣ የአጎት ልጅ ነው፣ ጎረቤት ነው። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 5 እና 6 ላይ የእግዚአብሔርን ቁጣ ያወራው በመሸታ ቤት ላይ ሳይሆን በራሱ በሕዝቡ ዝማሬ ላይ ነው፤ እንደ ዳዊት የዜማ ዕቃ እያበጁ በወገናቸው መሰበር ግን ስላልታመሙት።

አንዳችን አባቱን የቀበረ ሳምንት ነው። በለቅሶው ቤት ወገኖች መጡ፣ «አታልቅስ፣ አማኝ ነህ» አሉት፣ የድል መዝሙር ተዘመረ፣ አጨበጨቡም። እሱም አብሮ ዘመረ። በአራተኛው ቀን ወደ ሥራ ሲሄድ የታክሲው ሹፌር ሬዲዮ ላይ አሮጌ ትዝታ መጣ፤ አንድ መሰንቆና አንድ ድምፅ ብቻ። እዚያው፣ በሁለት የማያውቃቸው ሰዎች መካከል ተጨናንቆ እንደተቀመጠ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። አጠገቡ የነበሩ እናት «አይዞህ ልጄ፣ ማን ሞተብህ?» አሉት፤ የነጠላቸውንም ጫፍ ሰጡት። ሹፌሩ ሬዲዮውን ሊቀንስ ሲል «ተወው» አሉት።

ይህን ያህል የጻፍነው የዘፈን ቤት ከእግዚአብሔር ቤት ይሻላል ለማለት አይደለም። የምንጠይቀው ለምን ለልቅሷችን ከቤታችን መዝሙር እንዳጣን ነው። የነበረን ሕዝቦች ነን እኮ። በደርግ ዘመን ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል፤ የእሱን ካሴቶች ወላጆቻችን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ መስኮት ዘግተው ይሰሟቸው ነበር። እነዚያ ዜማዎች የአገር ዜማ ናቸው፣ ኀዘንም ተስፋም አላቸው። መዝሙረ ዳዊትም ቢሆን ብዙው ልቅሶና ሙግት ነው። ያ ክፍል ከመድረካችን ሲወጣ ሰው ኀዘኑን ይዞ ወደ ታክሲ ሬዲዮ ቢሄድ ለምን ይገርመናል?

የመጀመሪያው በገና ደርዳሪ ማን እንደሆነ ዘፍጥረት 4 ይነግረናል፤ ዩባል ነው፣ የቃየን ዘር። እስራኤል በገናውን «የቃየን ልጆች ዕቃ ነው» ብላ አልጣለችም፤ ዳዊት ያዘው፣ ቤተ መቅደስም ገባ። የጠፋው ልጅ ወደ ቤቱ የተመለሰ ቀንስ? ከአባቱ ቤት ይሰማ የነበረው ሙዚቃና ጭፈራ ነው። ድምፁን ሰምቶ በደጅ የቆመውና አልገባም ያለው ታላቁ ልጅ ነው። ከእርሻ የመጣ፣ ታታሪ፣ ሕግ አፍርሶ የማያውቅ።

አባቶቻችን ሽማግሌዎች፣ እናከብራችኋለን፤ አብዛኞቻችንን በእጃችሁ አጥምቃችሁናል። መንጋውን ስለምትጠብቁ እንደምትፈሩ ይገባናል፣ በሆቴል ሥራ የጠፉ ልጆችንም አይተናል፤ ከመካከላቸው አንዱ የእኛው ጓደኛ ነበር። ነገር ግን ይህ ልጅ ሲሰክር ያየው ካለ በስካሩ ይጠይቀው፣ ሲዋሽ ያገኘው በውሸቱ ይውቀሰው። በአራት አውታር አትውቀሱት። የሆቴሉ ሥራ አይሁን የምትሉ ከሆነም ያንን ገንዘብ በሌላ መንገድ የሚያገኝበትን ከእናንተ ጋር ቁጭ ብለን እንፈልግ፤ አንዳችን ከደመወዛችን በየወሩ የምናዋጣውን ጽፈን ይዘናል፣ እናንተም የጉባኤውን ጻፉ። እጥበቱ ማክሰኞና ዓርብ ነው።

በመጪው ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ ሰጥታችሁናል፣ እንመጣለን። እሱ ይህን እንደምንጽፍ አያውቅም፤ ቢያውቅ ይከለክለን ነበር። የቤዙ አምፕሊፋየር እስካሁን ከመድረኩ ጥግ ነው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ አቧራ እንዳይገባበት ነጭ ጨርቅ አልብሰውታል። እስከዚያ ድረስ የቤዙን መስመር ኪቦርድ ተጫዋቻችን በግራ እጁ እየሸፈነ ነው። አይሸፈንም።