የስፖርት መኪና የሚፈተንበት ሃያ ደቂቃ

በአገር ቤት በቅሎ የሚገዛ ሰው ገበያ ወጥቶ እንዲያው አይቶ ብቻ ገንዘቡን አይቆጥርም። ጥርሷን ገልጦ ዕድሜዋን ይገምታል፤ ኮቴዋን አንስቶ ያያል፤ ጀርባዋን ዳብሶ ገጣባ እንደሌለባት ያረጋግጣል፤ በመጨረሻም ተቀምጦባት ዳገቱንና ቁልቁለቱን ይሞክራል። ሻጩ «ሰጋር ናት» ብሎ ቢምልም ገዢው የሚያምነው መሐላውን ሳይሆን እርምጃዋን ነው። ይህን ሥርዓት ከአባቱ ሲያይ ያደገ ሰው አሜሪካ ገብቶ 30 ሺ ዶላር የሚያወጣ መኪና ሲገዛ ግን፣ ሻጩን አጠገቡ አስቀምጦ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ይዞርና በዚያው ቀን የስድስት ዓመት ዕዳ ፈርሞ ይወጣል። መኪናው ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና፣ ማለትም ኩፔ የሚባለው ዓይነት ሲሆን ደግሞ ችኮላው ይብሳል። ለሥራ መመላለሻ የሚሆነውን መኪና ጉዳይ ያስገዛል፤ ይህን ግን የሚያስገዛው ልብ ነውና።

ልብ መፈለጉ ነውር አይደለም። ከአገር የወጣው ትውልድ መኪና የገዛው በአብዛኛው ለታክሲ ሥራ፣ ለሌሊት ፈረቃ ወይም ልጅ ከትምህርት ቤት ለማምጣት ነው። ከብዙ ዓመት ልፋት በኋላ አንድ ጊዜ ለራሱ ደስታ የሚሆን መኪና ልግዛ የሚል ሰው ሊነቀፍ አይገባውም። ቁም ነገሩ ደስታው በስንት እንደሚገዛና ዋጋውን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ማወቁ ላይ ነው። ይህ ደግሞ የሚታወቀው በማስታወቂያ ሳይሆን መኪናው በሚሞከርበት በዚያች አጭር ሰዓት ነው።

ዋጋው የማይጎዳ የስፖርት መኪና ለተራ ሠራተኛ የቀረበበት ታሪክ ረጅም ነው። ፎርድ ኩባንያ ሙስታንግን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 1964 በኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ሲያሳይ መነሻ ዋጋው 2,368 ዶላር ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመትም ከ400 ሺ በላይ ተሸጠ። ዛሬ ግን ይህ ገበያ ሳስቷል። የቶዮታ ሴሊካ ምርት በ2006፣ የሚትሱቢሺ ኤክሊፕስ ኩፔ በ2011፣ የሸቭሮሌ ካማሮ ደግሞ በዲሴምበር ወር 2023 ቆሟል። ሙስታንግ እስከ ዛሬ አለ። ከእርሱ ሌላ የወጣቱን ዓይን የሚስቡት ቶዮታ ጂአር86 እና መንታ ወንድሙ ሱባሩ ቢአርዚ ናቸው። ሁለቱም የሚሠሩት ጃፓን ውስጥ ጉንማ በሚገኘው የሱባሩ ፋብሪካ ሲሆን፣ የጂአር86 መነሻ ዋጋ 30 ሺ ዶላር ግድም ነው።

የዚህ መኪና ስም ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ሩቅ አይደለም። «86» የሚለው ቁጥር የመጣው ቶዮታ በ1983 ካወጣው ኤኢ86 ከተባለ ባለ ሁለት በር ኮሮላ ነው። በዚያን ጊዜ ሌሎቹ አዳዲስ ኮሮላዎች በፊት ጎማ ወደሚሳበው አሠራር ሲዛወሩ፣ ኤኢ86 ግን የቀድሞውን በኋላ ጎማ የሚገፋ አሠራር እንደያዘ ቀረ። አዲስ አበባ ላይ ዲኤክስ እየተባለ ስንቱን ቤተሰብ ያገለገለውም በዚያው በቀድሞው አሠራር የተሠራ ኮሮላ ነበር። ዲኤክስ ሲነዳ ያደገ ሰው ጂአር86 ላይ ሲቀመጥ የኋላው ጎማ ከወገቡ ሥር ሲገፋው ይሰማዋል፤ ስሜቱም አዲስ አይሆንበትም።

ወደ ጉልበቱ ስንመጣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የመጀመሪያው 86 ባለ 2.0 ሊትር ሞተር ሲሆን 200 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የ2022 ሞዴል ሆኖ የመጣው ሁለተኛው ትውልድ ባለ 2.4 ሊትር ሆኖ ወደ 228 አድጓል። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ ብዙ የታክሲ ሹፌሮች የሚወዱት ካምሪ በ2025 ሞዴሉ 225 የፈረስ ጉልበት አለው። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ልዩነቱ ክብደቱና አቀማመጡ ላይ ነው። ኩፔው 1,300 ኪሎ ገደማ ብቻ ይመዝናል። ፒስተኖቹም ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚመላለሱ ሞተሩ ዝቅ ብሎ መሬት ይቀርባል። ስለዚህ ገዢው ሲሞክረው «ምን ያህል ይፈተለካል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄውን ስቷል። መጠየቅ ያለበት «ሲታጠፍ፣ ፍሬን ሲያዝ፣ መንገድ ሲበላሽ እንዴት ነው?» የሚለውን ነው።

ፈተናው የሚጀመረው ከቤት ነው። ገዢው ሻጩ ዘንድ ከመሄዱ በፊት የመኪናውን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር መለያ ጠይቆ ለኢንሹራንሱ ይደውል። ዕድሜው ከ25 በታች የሆነ ወንድ ልጅ ስሙ ሲገባበት የወር ክፍያው ስንት እንደሚሆን በጆሮው ይስማ፤ ብዙ ክርክር እዚያው ያልቃል። በዚያው መለያ አማካይነት መኪናው ለጥገና የተጠራበት ጉድለት ይኑረው አይኑረው ከፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በነፃ ይታያል። ሻጩ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ መኪና ለመሞከር የመንጃ ፈቃድ ይበቃል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አያስፈልግም። ያ ቁጥር የሚጠየቀው ለብድር ስለሆነ፣ ከመንዳት በፊት የብድር ቅጽ ሲቀርብለት «በኋላ» ብሎ መመለስ መብቱ ነው።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ቢነሣ ይሻላል። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከሆነ እጅ ኮፈኑ ላይ ሲያርፍ ይታወቃል። የሞቀ ሞተር ጠዋት ላይ የሚያሰማውን ማንኳኳትና የሚያወጣውን ጭስ ይደብቃልና። ከዚያ ገዢው ገብቶ ይቀመጥ፤ ይውጣ፤ እንደገና ይግባ። መቀመጫው እጅግ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበቷን የሚያማት እናት እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትወሰድ እንዴት እንደምትወጣ ያስብ። የኋላውን ወንበር በዓይኑ ብቻ አይለፈው፤ አንድ ሙሉ ሰው አስቀምጦ ይየው። አራት ሰው ይይዛል ተብሎ ቢጻፍም ከኋላ ያለው ቦታ ለቦርሳ እንጂ ለጎልማሳ እግር የተሠራ አይደለም።

ሲነሣ ሬዲዮው ይጥፋ። እንደ ጂአር86 ባሉ መኪናዎች ውስጥ ከሚሰማው የሞተር ድምፅ ከፊሉ በድምፅ ማጉያ የሚመጣ መሆኑንም ማወቅ ደግ ነው፤ ጆሮን ሲያሞግሱት ዓይን ይታለላልና። መንገዱን ሻጩ ሳይሆን ገዢው ይምረጥ። የሻጩ መንገድ ለስላሳ ነው፤ መታጠፊያውም በቀኝ በኩል ብቻ ነው። ገዢው በየቀኑ የሚሄድበትን ዓይነት ጉድጓድ ያለበት ጎዳና፣ በፍጥነት የሚገባበት አውራ ጎዳና፣ ጠባብ ፓርኪንግና የሕንፃ መውጫ ዳገት ይሞክር። ካምቢዮው በእጅ የሚሠራ ከሆነ ከፍ ባለ ማርሽ ቤንዚን ይስጠው፤ የሞተሩ ዙር ወደ ላይ እየወጣ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል ማለት ነው። ከኋላ መኪና አለመኖሩን አይቶ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ይያዝ፤ መሪው ወደ አንድ ወገን ከጎተተ ምክንያቱ ይጠየቅ። የሙከራ ቀን ግን የእሽቅድምድም ቀን አይደለም። ፖሊስ ቢያስቆም ቅጣቱ የሚጻፈው በሻጩ ስም ሳይሆን መሪውን በያዘው ስም ነው።

ሚኒያፖሊስ ወይም ዴንቨር የሚኖር ሰው ደግሞ ጎማውን ያንብብ። ውድ በሆኑት የጂአር86 ዓይነቶች ላይ የሚገጠመው የበጋ ጎማ ብርዱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እየደረቀ መንገድ መያዙ ይቀንሳል፤ ለበረዶ ፈጽሞ አይሆንም። ስለዚህ የክረምት ጎማ ሌላ ወጪ ሆኖ ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት።

ያገለገለ የሚፈልግ ሰው ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። የስፖርት መኪናን የቀድሞው ባለቤት አንዳንዴ እንደ ሰርግ ፈረስ ጋልቦት ሊሆን ይችላል። ጎማው ወጣ ገባ ሆኖ ካለቀ፣ የበሩና የኮፈኑ ቀለም ከተለያየ፣ ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዋጋው የረከሰበት ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። ከመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ብዙዎቹ በ2018 የቫልቭ ስፕሪንጋቸው እንዲለወጥ ተጠርተው ነበርና የ2013 ሞዴል የሚገዛ ሰው ጥገናው መሠራቱን የሚያሳየውን ወረቀት ይጠይቅ። በፌዴራል ደንብ መሠረት ነጋዴ የሚሸጠው ያገለገለ መኪና መስኮት ላይ ዋስትና እንዳለውና እንደሌለው የሚገልጽ ወረቀት መለጠፍ አለበት። «እንዳለ» የሚል ምልክት ካለበት፣ ከግቢው ከወጣ በኋላ የሚበላሸው ሁሉ የገዢው ነው። የሚያምኑት መካኒክ ጋራዥ ወስዶ ለማስመርመር ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ መልሱ ያው ተገኘ።

ከሙከራው በኋላ የሚመጣው የወረቀቱ ክፍል ነው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። ሻጩ «በወር ስንት መክፈል ትችላለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ጨዋታው ተጀመረ። 30 ሺ ዶላር በ7 በመቶ ወለድ ለ72 ወር ሲበደር ክፍያው በወር 511 ዶላር ግድም ነው። በ12 በመቶ ሲሆን 586 ይሆናል። ልዩነቱ በወር 75 ዶላር ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ በስድስት ዓመት ግን 5,400 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ አገር ቤት ስንት ሰው እንደሚረዳበት ሁሉም በየቤቱ ያውቀዋል። ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ ባንኩን ወይም የብድርና ቁጠባ ማኅበሩን ጠይቆ የራሱን የወለድ መጠን በኪሱ ይዞ ይሂድ። ስለ መኪናው ጠቅላላ ዋጋ እንጂ ስለ ወር ክፍያ አይደራደር።

በወገኖች መካከል በሰፊው የሚወራ አንድ ስሕተትም አለ፤ «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚለው። የፌዴራሉ የሦስት ቀን ደንብ የተሠራው ቤት ለቤት እየዞሩ ለሚሸጡትና ለመሳሰሉት ነው። ነጋዴው ግቢ ውስጥ ለተፈረመ መኪና አይሠራም። አንዳንድ ክፍለ ግዛት የራሱ ሕግ ሊኖረው ይችላል፤ ያንን መጠየቅ ያለበት ግን ከፊርማ በፊት ነው። ቋንቋም አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ድርድሩ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በታጋሎግ፣ በቬትናምኛ ወይም በኮሪያኛ ከተካሄደ የውሉ ትርጉም በዚያው ቋንቋ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል። አማርኛ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። እንግዲህ እንግሊዝኛው የሚከብደው ሰው ወረቀቱን የሚያነብለት ሰው ይዞ መሄድ አለበት፤ ያም ሰው ብዙ ጊዜ የገዛ ልጁ ነው።

ልጅ ከተነሣ ዘንድ፣ ስለዚህ መኪና በየቤቱ የሚሰማው ክርክር ከሞላ ጎደል አንድ ነው።

«አራት በር ያለው እያለልህ ሁለት በር ምን ያደርግልሃል?» ይላል አባት።

«አባዬ፣ አንተ ሃያ ዓመት የሰው ሻንጣ ስትጭን ኖርክ፤ እኔ አንድ ጊዜ የራሴን ልንዳ» ይላል ልጅ።

ሁለቱም እውነት አላቸው። አባት የሚፈራው ገንዘቡን ብቻ አይደለም። ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ነጂዎች በሚነዱት ማይል ልክ ሲሰላ፣ ለሞት በሚያደርስ አደጋ ውስጥ የመግባታቸው ዕድል ከ20 ዓመት በላይ ካሉት ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ስደት ላይ ልጅ መቅበር ምን እንደሆነ ያየ ማኅበረሰብ ይህን ቁጥር በዋዛ አያልፈውም። መፍትሔው ግን መጮህ አይደለም፤ አብሮ መሄድ ነው። አባት በጎን ወንበር ተቀምጦ ልጁ ሲነዳ ይይ። ልጁ ፍሬን የሚይዝበትን ርቀት፣ ሲታጠፍ የሚሰጠውን ቤንዚን፣ ስልኩን የት እንዳስቀመጠ ይመልከት። ያን ጊዜ የሚፈተነው መኪናው ብቻ አይሆንም፤ ነጂውም ይፈተናል። አባትም ከኮረጆ ሙሉ ምክር ይልቅ በአንድ ዙር ጉዞ ብዙ ይማራል፤ ምናልባትም ለቀጣዩ መታጠፊያ መሪውን እርሱ ይጠይቅ ይሆናል።

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። የሚሞከርበት ቀንና የሚፈረምበት ቀን አንድ መሆን የለበትም። ሻጩ «ይህ ዋጋ እስከ ዛሬ ማታ ብቻ ነው» ቢል ገዢው ቁልፉን መልሶ፣ አመስግኖ፣ ወደ ቤቱ ይሂድ። አንድ ሌሊት ተኝቶበት፣ ሒሳቡን በወረቀት ሠርቶ፣ ኢንሹራንሱንና ጎማውን ጨምሮ፣ ጠዋት አሁንም ልቡ ከፈለገው ተመልሶ ሁለተኛ ጊዜ ይንዳው። በሁለተኛው ቀንም ካስደሰተው ይግዛው፤ በሰላም ይንዳው።