መብራቱ የማን ነው?

ቤታችሁ ኮራል ያላችሁ ሰዎች፣ እስቲ ሰማያዊውን መብራት አጥፉና ነጩን አብሩት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ቪዲዮ አትቅረጹ፤ ዝም ብላችሁ እዩ። ያ ሲያብረቀርቅ የነበረው አረንጓዴ አሁን ምን ይመስላል? ሥጋው ሞልቷል ወይስ ሳስቶ ነጭ አጽሙ ይታያል? ፖሊፖቹ ተዘርግተዋል ወይስ ተሸብሽበዋል? ይህን መመለስ የማይችል ሰው የሚንከባከበው መብራቱን ነው እንጂ ኮራሉን አይደለም።

ጸቤ ከሰማያዊ ቀለም ጋር አይደለም። ባሕር ውስጥ ቀዩ ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ተውጦ ያልቃል፤ ወደ ጥልቁ የሚወርደው ሰማያዊው ነው። ኮራል ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎችም በደንብ ይጠቀሙበታል። ጸቤ መብራቱንም የውሃውንም ፍሰት ለዓይናችንና ለስልካችን ካሜራ ብለን ከምናስተካክልበት ልማድ ጋር ነው። አቋሜ አጭር ነው፦ አኳሪየም ውስጥ ብርሃኑም ፍሰቱም የኮራሉ ናቸው። እኛ ተመልካቾች ነን።

"እንዴ፣ ድንጋይ አይደል?" የሚል አይጠፋም። አይደለም። ኮራል እንስሳ ነው። አፍ አለው፣ ሆድ አለው፣ የሚናደፉ ቀጫጭን እጆች አሉት። ድንጋይ የሚመስለው ራሱ የገነባው የኖራ ቤት ነው። ሥጋው ውስጥ ያስጠለላቸው አልጌዎች ደግሞ ኪራያቸውን በምግብ የሚከፍሉ ተከራዮች ናቸው፤ በብርሃን ስኳር ይሠራሉ፣ ኮራሉ ከሚያስፈልገው ጉልበት አብዛኛውን ይሸፍኑለታል። ብርሃኑ ከአቅም በላይ ሲሆን፣ በተለይ ሙቀት ሲጨመርበት፣ እነዚሁ አልጌዎች ጎጂ የኦክስጅን ውህዶች ማመንጨት ይጀምራሉ። ኮራሉም ተከራዮቹን ያስወጣል። ያኔ ነው የሚነጣው። ቶሎ ካልተመለሱለት በረሃብ ይሞታል።

አሁን የሚቀጥለውን ልብ በሉ። የነጣ ኮራል ሁልጊዜ ነጭ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንዳንድ ኮራሎች አልጌያቸውን ሲያጡ ለምን ደማቅ ሮዝ፣ ቢጫና ሐምራዊ እንደሚሆኑ አሳዩ። አልጌው ሲሄድ ብርሃኑን የሚውጠው ይጠፋል፤ ብርሃኑ ነጩ አጽም ላይ እየነጠረ ሥጋውን ያጥለቀልቀዋል፤ ኮራሉ ራሱን ለመከላከል ተጨማሪ ቀለም ያመርታል። ይህን ምርት በተለይ የሚቀሰቅሰው ሰማያዊው ብርሃን ነው። ያ ቀለም እንግዲህ የጭንቅ ጃንጥላ ነው ማለት ነው። እኛ ደሞ ከሥሩ የእሳት ኢሞጂ እንደረድራለን።

የሚያበራ ኮራል ሁሉ ታሟል አላልኩም። ብዙ ጤነኛ ኮራሎች ያበራሉ። ያልኩት ማብራቱ የጤና ማስረጃ አይሆንም ነው።

ገበያው ግን በዚህ ላይ ነው የቆመው። ሻጩ ሰማያዊ መብራት ሥር ፎቶ ያነሳል፣ ቀለሙን ትንሽ ያጎላል፣ አንዲት አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ ላይ የወር አስቤዛ የሚያህል ዋጋ ይለጥፋል። ገዢው ቤቱ ሲያስገባት እንደ ፎቶው አታበራም። ምን ያደርጋል? አፑን ከፍቶ መብራቱን ይጨምራል። ከተላከችበት ሳጥን ጨለማ ገና የወጣች እንስሳ፣ በዚያው ቀን እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ትሰጣለች። በሳምንቱ "የሸጠልኝ ሰውዬ ሌባ ነው" ይባላል።

ዓይናችን እኮ መለኪያ አይደለም። የሰው ዓይን ከሁሉ ይበልጥ የሚነቃው 555 ናኖሜትር አካባቢ ላለው አረንጓዴ ነው፤ 450 አካባቢ ያለውን ሰማያዊ በጣም አሳንሶ ያየዋል። ስለዚህ "ደብዛዛ ነው፣ ትንሽ ልጨምር" የምንለው መብራት ለአልጌው እሳት ሊሆን ይችላል። "እኔ 60 በመቶ ላይ ነው ያደረግኩት፣ አንተም እንደዛው አድርግ" የሚለውም ምክር ባዶ ነው። የማን መብራት 60 በመቶ? ከውሃው በስንት ሴንቲሜትር ከፍታ? በስንት ጥልቀት?

የሚሠራው ቁጥር ፓር የሚባለው ነው፤ ፎቶሲንተሲስ ሊጠቀምበት የሚችል ብርሃን ምን ያህል ኮራሉ ያለበት ቦታ እንደሚደርስ ይለካል። እንደ ማሽሩምና ዞአንቲድ ያሉት ከ50 እስከ 150 ይበቃቸዋል። ሃመርና ቶርች 80 እና 150 መካከል ደህና ይኖራሉ። አክሮፖራ ከ200 እስከ 350 ይፈልጋል፤ እሱም ቀስ ብሎ ሲለምደው። መለኪያው ውድ ነው፤ ግን በየቀኑ የሚያስፈልግ ዕቃ ስላልሆነ ለሁለት ቀን ተውሶ ወይም ተከራይቶ ገንዳውን መለካት ይቻላል። አዲስ ኮራል ዝቅ ባለ ብርሃን ይጀምርና በሦስት አራት ሳምንት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርለት። በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ብርሃን ይበቃዋል። እንግዳ ሲመጣ እስከ እኩለ ሌሊት የሚበራ መብራት ለእንግዳው ነው።

እንግዳ ካነሳሁ አይቀር፣ የአጎቴ ልጅ ቨርጂኒያ ያለው ቤቴ መጥቶ ባለ 200 ሊትሩን ገንዳዬን ሲያይ፣ "ሌላ ሰው ጋ ያየሁት እኮ ክለብ ነው የሚመስለው። ያንቺ ምነው ደበዘዘ?" አለኝ። "ለሱ አልደበዘዘበትም" አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ወደ ውሃው እንምጣ። ስለ ፍሰት የሚያወራው ጥቂት ሰው ነው፤ ፍሰት ፎቶ ላይ አይታያማ። ኮራል ግን ተራምዶ ምግብ ፍለጋ አይሄድም። ኦክስጅን የሚያመጣለት፣ ምግብ የሚያደርስለት፣ ቆሻሻውን የሚያነሳለት ውሃው ነው። ውሃው ከቆመ ቆዳው ላይ ስስ የማይንቀሳቀስ ሽፋን ይፈጠርና አየር እንደሌለው ክፍል ይታፈናል።

እዚህም ላይ የተለመደው ስህተት በቁጥር መፎከር ነው። ለ200 ሊትር ገንዳ፣ ለስላሳ ኮራሎችና ሃመር ዓይነቶቹ ላሉበት፣ በሰዓት ከ2,000 እስከ 4,000 ሊትር የሚያንቀሳቅስ ፓምፕ ጥሩ መነሻ ነው። አክሮፖራ ላለበት 6,000ም 10,000ም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያው 4,000 ሊትር በአንድ አቅጣጫ እንደ ጎማ ውሃ ቶርች ላይ ቢተኮስበት ሥጋውን ከአጽሙ ላይ ይገሸልጠዋል። ሪፍ ላይ ውሃው ይሄዳል ይመለሳል፣ ይጋጫል፣ ይበተናል። ፓምፑን ወደ መስታወቱ አዙሩት፤ ወይም ሁለት ትንንሽ ፓምፖችን ተፈራርቀው እንዲሠሩ አድርጉ። ከዚያ እጆቹን እዩ። ወዲያ ወዲህ ከተወዛወዙ ደህና ነው። ሁሌ ወደ አንድ ጎን ከተኙ በዝቷል። ጥግ ላይ ቆሻሻ ከተከማቸ አንሷል። "ቶርቹ ሲጨፍር ለቪዲዮ ያምራል" ብሎ ፓምፑን ፊት ለፊቱ መደገን ግን ዳንስ አይባልም።

ትልቁ ጠላት ግን ችኮላችን ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ሳንሰማ ያደግን የለንም፤ አፕ ሲሰጡን ግን ረሳነው። ሰኞ መብራት፣ ማክሰኞ ፓምፕ፣ ረቡዕ ጨው፣ ሐሙስ ኮራሉን ከቦታው ማንሳት። ዓርብ ሲሞት ምን እንደገደለው ማን ይናገራል? ኮራል ብርሃን ሲያንሰው ይጠቁራል፣ ወደ ላይ ይለጠጣል፤ ሲበዛበት ይገረጣል፣ ይኮማተራል። ይናገራል እንግዲህ፤ ግን በሳምንታት ቋንቋ ነው። አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቁ፣ ከዚያ ወስኑ።

"ይሄ ሁሉ ሀብታም ለሆነ ሰው ነው" የምትሉኝ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1961 ሊ ቺን ኢንግ የተባለ የጃካርታ ሰው፣ ከባሕር ባመጣው ሕይወት ያለው ድንጋይ፣ በፀሐይ ብርሃንና በአየር አረፋ ብቻ የባሕር እንስሳትን እንዴት እንደሚያኖር ጽፎ አሳተመ። ኤልኢዲ የለ፣ አፕ የለ። የነበረው ማየት ነው። ዛሬ የጎደለን ዕቃ ይመስላችኋል?

"በገንዘቤ የገዛሁት ነው፣ ምን አገባችሁ" ለሚለው ደግሞ መልሴ ይኸው። ድንጋያማ ኮራሎች ዓለም አቀፍ ንግዳቸው በፈቃድ ብቻ እንዲሆን በሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ የገቡ ናቸው። ቁራጭ እየተደረጉ የሚራቡ ብዙ አሉ፤ ከባሕር የሚነቀሉም ግን አሁንም አሉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ደግሞ የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ ዓለም አራተኛው አቀፍ የኮራል መንጣት ላይ እንደሆነች አረጋገጠ። እኛ ስለ ቀይ ባሕር ስንከራከር የምናነሳው ወደቡን ነው። ዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ፣ ከውሃው በታች፣ ማንም ያልገነባው የኮራል ከተማ እንዳለ ስንቶቻችን እናስባለን? ውጭ ያለው እንዲህ እየነደደ፣ ቤታችን ያስገባነውን ለላይክ ብለን መጥበስ ያሳፍራል።

ስለዚህ ቁልፉን ለእንስሳው መልሱለት። ለኩ፣ አቀናጁ፣ ከዚያ አፑን ዘግታችሁ ተቀመጡ። በዚህ ሳምንት ለኮራላችሁ የምታደርጉት ትልቁ ውለታ ምንም ነገር አለመንካት ሊሆን ይችላል።