ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ

እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ ከታወቀበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ገበሬው፣ ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው ጭቃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። ማሽን ተገዝቷል፣ ገንዘብ ተዋጥቷል፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም ደግሞ የአንድ ወር ዘመቻ ታውጇል። ከየዘመቻው በኋላ የሚሰማው ዜና አንድ ዓይነት ነው፦ ይህን ያህል ሄክታር ጸዳ። በቀጣዩ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አረሙ ተመልሶ ይመጣል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አረሙ ይነቀላል፣ ምግቡ ግን አልተነካም።

እምቦጭ የሚንሳፈፍ ተክል ስለሆነ የሚመገበው ውኃው ውስጥ የሟሟውን ነው፤ በተለይ ናይትሮጅንና ፎስፈረስን። እነዚህ ገበሬው በዩሪያና በኤንፒኤስ መልክ ገዝቶ ማሳው ላይ የሚጨምራቸው ናቸው። በከብት እበት፣ በመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና በአንዳንድ የልብስ ሳሙና ውስጥም አሉ። ማሳ ላይ ጤፍ የሚያሳድጉት ሐይቅ ሲገቡ አረም ያሳድጋሉ። እምቦጭ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይሞት ይቆያል። ይህን በእጅ ነቅሎ መቅደም አይቻልም።

ጉዳቱ አረም ላይ አያበቃም። ያው ምግብ አልጌንም ያበዛል። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርስና ዓሣውን ያፍነዋል። አንዳንዱ ዓይነት መርዝ ያመነጫል፤ መርዙን ውኃ ማፍላት አያጠፋውም። የሐይቁን ውኃ ቀድቶ ለሚጠጣ ቤተሰብ ይህ የጤና ጉዳይ ነው።

ጣቱን ገበሬው ላይ መቀሰር ግን ትክክል አይደለም። የኢትዮጵያ ገበሬ በሄክታር የሚጠቀመው ማዳበሪያ ከቻይና ገበሬ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ቀንስ ቢባል የሚቀንሰው የልጆቹን እንጀራ ነው። ትልቁ ችግር ማሳው ላይ የዋለው አለመቆየቱ ነው። ናይትሮጅን በውኃ ሟሙቶ ይሄዳል። ፎስፈረስ በአብዛኛው ከአፈር ጋር ተጣብቆ ይታጠባል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምት ደፍርሰው ጣና ሲገቡ የሚያመጡት የገበሬውን አፈርና የገበሬውን ገንዘብ ነው። ማዳበሪያው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የመጣ ነው። አገር ዶላር ከፍላ እምቦጭ እየቀለበች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ምግቡ ሲቋረጥ ሐይቅ እንደሚያገግም ታይቷል። በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ዳር ያለው የዋሽንግተን ሐይቅ በከተማ ፍሳሽ ምክንያት በአልጌ ተሞልቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1968 ፍሳሹ ከሐይቁ እንዲርቅ ተደረገ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ውኃው ጠራ። የጣና ሥራ ከዚያ ይከብዳል፤ ከከተማ ቱቦ በተጨማሪ የሺህ ማሳዎች አፈር አለበትና። ቢሆንም መንገዱ ያው ነው።

የባሕር ዳርና የጎንደር ፍሳሽ ሳይጣራ እንዳይለቀቅ ማድረግ ይቻላል። ተዳፋት ላይ እርከን መሥራት ገበሬው የሚያውቀው ሥራ ነው። የሐይቁ ዳር እስከ ውኃው ጫፍ ከሚታረስ፣ ደለልና ማዳበሪያ አጣርቶ የሚያስቀር ደንገልና ሣር ቢመለስበት ይሻላል፤ መሬቱን ለሚለቀው ገበሬ ግን ካሳ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ አካባቢውን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል፤ ምዝገባ ብቻውን ግን ፍሳሽ አያቆምም። የተነቀለውም አረም ዳር ላይ ተከምሮ ከበሰበሰ የበላውን መልሶ ለሐይቁ ይሰጣል፤ ርቆ መሄድ አለበት።

ከሁሉ በፊት መለኪያው ይቀየር። ባለሥልጣናት ስለ ጣና ሲናገሩ ስንት ሄክታር እንደተነቀለ ብቻ አይንገሩ። በየወንዙ አፍ ዘንድሮ ስንት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ወደ ሐይቁ ገባ? ካምናው ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ይህ ቁጥር በየዓመቱ ለሕዝብ ይፋ እስካልሆነ ድረስ ዘመቻው ውኃ መውቀጥ ነው።