በማይጨው ሰማይ ላይ የተጠለፈው ድምፅ

በመጋቢት 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከማይጨው ግንባር ለእቴጌ መነን በሬዲዮ የላኩትን መልእክት የሰሙት እቴጌይቱ ብቻ አልነበሩም። የጣሊያን ጦር ጠላፊዎችም ቀድተውታል። የጣሊያን ጦር አዛዥ የነበረው ማርሻል ባዶሊዮ ስለ ጦርነቱ በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ራሱ መስክሯል። የእኛ ሠራዊት መጋቢት 22 ቀን ገና ሳይነጋ ለማጥቃት ሲነሣ ጠላት ያልተዘጋጀ አልነበረም፤ ምሽጉን አጠናክሮ ይጠብቅ ነበር።

ማይጨው ሲነሣ ሁላችንም የምናወራው ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ መርዙ ጋዝና ስለ መድፉ ነው። እውነትም ነው፤ ሕዝብ የፈጀው እሱ ነው። ስለ ሬዲዮው ግን ሲወራ የሰማሁት ጥቂት ነው። በትምህርት ቤት አላስተማሩንም፤ ከሽማግሌዎች አፍም እምብዛም አይወጣም። ጠላት ግን ዓይን ብቻ ሳይሆን ጆሮም ነበረው፤ ጆሮውም ትልቅ ሥራ ሠርቶለታል።

ይህን ነገር አጥብቄ እንዳስብበት ያደረገኝ ከለንደን በስተ ሰሜን ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የብሌችሊ ፓርክ ሙዚየም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ ምስጢር ፈቺዎች የተሰበሰቡበት ግቢ ነው። ዛሬ ቲኬት ቆርጦ ለሚገባ ሁሉ ክፍት ሆኗል። በመስታወት ውስጥ ከተቀመጡት ዕቃዎች ሰው የሚከበው ኢኒግማን ነው። በእንጨት ሣጥን የታቀፈ ትንሽ የጽሕፈት መኪና ነው የሚመስለው። አንድ ፊደል ሲጫኑ ኤሌክትሪኩ በሚሽከረከሩት ጎማዎች ውስጥ አልፎ ሌላ ፊደል ላይ መብራት ያበራል። ጎማው አንድ እርምጃ ስለሚዞር ያንኑ ፊደል ደግመው ቢጫኑት አብዛኛውን ጊዜ የሚበራው ሌላ ነው። የጀርመን ጦር ይጠቀምበት የነበረው ኢኒግማ ሊስተካከል የሚችልባቸው መንገዶች ቢቆጠሩ 158 ብሎ የሚጀምር ባለ 21 አኃዝ ቁጥር ይሆናሉ። ጀርመኖች ማንም አይፈታውም ብለው የተማመኑት በዚህ ነው።

ፈቺዎቹ ግን ተገኙ፤ መጀመሪያ የተገኙትም እንግሊዝ አገር አልነበረም። ማሪያን ሬየቭስኪ የተባለው ፖላንዳዊ የሒሳብ ሊቅ የማሽኑን የውስጥ ሽቦ አሠራር የደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1932 መጨረሻ ነው። አገሩ ከመወረሯ ከሳምንታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1939 ፖላንዶች ዋርሶ አጠገብ ባለ ጫካ ውስጥ እንግሊዞችንና ፈረንሳዮችን ጠርተው ያላቸውን ዕውቀት ሁሉ አስረከቧቸው። አለን ቱሪንግና ጎርደን ዌልችማን የኢኒግማን የዕለት ቁልፍ የሚፈልገውን ትልቅ ማሽን የሠሩት በዚህ መሠረት ላይ ቆመው ነው። የቱሪንግ ስም ዓለምን ሲያዳርስ የሬየቭስኪ ስም ወደ ኋላ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

እኔን ከማሽኖቹ ይልቅ የያዘኝ የአድማጮቹ ነገር ነው። ማሽን የሚፈታው የተሰማ ነገር ሲኖር ነው። በየጣቢያው ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ከጫጫታው መካከል የሞርስን ድምፅ እየለዩ፣ ትርጉም የሌላቸውን ፊደላት አምስት አምስት እያደረጉ ሲጽፉ የሚያድሩ ወጣቶች ነበሩ። ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። የጻፉት ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ማንም አይነግራቸውም። በጦርነቱ ማብቂያ ላይ በብሌችሊ ከሚሠራው ሰው ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሴቶች ነበሩ።

ከነዚያ ሴቶች አንዷ ምስጢር ፈቺዋ ማቪስ ሊቨር ናት። አንድ ቀን እጇ የገባ የጣሊያን ባሕር ኃይል መልእክት ከላይ እስከ ታች ኤል የሚባለው የላቲን ፊደል የሌለበት ሆኖ አገኘችው። የጣሊያን ባሕር ኃይልም ይጠቀምበት የነበረው ኢኒግማ አንድን ፊደል በራሱ በፊደሉ አይተካም። እንግዲህ ላኪው የሙከራ መልእክት ላክ ተብሎ ስለ ሰለቸው የኤልን ቁልፍ ብቻ ደጋግሞ ሲጫን ውሏል ማለት ነው። ከዚያ ሰውዬ ስንፍና ተነሥተው የአንዱን ጎማ ሽቦ አወቁ። ሊቅ የደከመበትን ማሽን አንድ የሰለቸው ወታደር አጋለጠው።

የማቪስ ሥራ እዚያ አላበቃም። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. እሷና ባልደረቦቿ የፈቱት መልእክት የጣሊያን መርከቦች ከሦስት ቀን በኋላ እንደሚነሡ አስታወቀ። እስክንድርያ የነበረው የእንግሊዝ አድሚራል አንድሩ ከኒንግሃም በግሪክ ደቡብ ጫፍ ባለው በማታፓን አጠገብ ገጥሟቸው ሦስት ከባድ የጦር መርከቦችና ሁለት አጥፊ መርከቦች አሰጠመ። ምስጢሩ መፈታቱ እንዳይታወቅም አስቀድሞ ቃኚ አውሮፕላን ልኮ ጣሊያኖቹ እንዲያዩት አደረገ፤ ያገኘን አውሮፕላኑ ነው ብለው እንዲያምኑ። የዚህ አድሚራል ወንድም ጄኔራል አለን ከኒንግሃም ደግሞ በዚያው ሰሞን ከኬንያ የተነሣውን ጦር እየመራ ወደ አዲስ አበባ ይገሠግሥ ነበር። ማታፓን ላይ መርከቦቹ የሰጠሙት የኤርትራዋ ከረን በእንግሊዞች እጅ በወደቀች ማግስት ነው፤ አዲስ አበባ የተያዘችውም ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነው።

ወደ እኛ ምድር የምመለሰው በዚህ በኩል ነው። የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ከሮም በባሕር ተቆርጦ ስለነበር ከሮም ጋር የሚገናኘው በሬዲዮ ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1940 መጨረሻ ጀምሮ፣ በብሌችሊና ካይሮ አጠገብ ሄልዮፖሊስ በነበረው ቢሯቸው አማካይነት፣ የዚህን ጦር ዋና ዋና ምስጢራዊ መልእክቶች ያነብቡ ነበር። የዚህ ግዛት ገዥ የነበረው መስፍነ አኦስታ ስለ ጦሩ ድካም፣ ስለ ነዳጁና ስለ ጥይቱ ማለቅ ለሮም ሲጽፍ ጠላቱም አብሮ ያነብ ነበር። በማይጨው በእኛ ላይ የዋለው ጥበብ አምስት ዓመት ቆይቶ በወራሪው ላይ ዋለ። መስፍኑ እጁን የሰጠውም ከማይጨው እምብዛም በማይርቀው በአምባ አላጌ፣ በግንቦት 1933 ዓ.ም. ነው።

ነገሩን አላጋንነውም። ከረን ላይ ምስጢሩ እየተነበበም ውጊያው ሁለት ወር ገደማ ፈጅቷል፤ ብዙ ሺህ ሰውም ረግፏል። ተራራ የሚወጣው በእግር ነው። ሆኖም አንድ ነገር ደፍሬ እላለሁ፤ ይህ የእኔ ግምት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ አርበኞቻችን የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ ሲቆርጡ፣ መንገድ ሲዘጉ ኖረዋል። ሽቦው በተቆረጠ ቁጥር ጣሊያን ነገሩን ለአየር ለመስጠት ይገደዳል፤ አየር ላይ የወጣውን ደግሞ የሚሰማ ጆሮ አለ። ዱር የገባው አርበኛና ሄልዮፖሊስ የተቀመጠው ምስጢር ፈቺ ሳይተዋወቁ አንድ ሥራ ሠርተዋል። የአርበኞቻችን ታሪክ ሲጻፍ ይህ መጻፍ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ምስጢራዊ መልእክት የጦር ዕቅድ ብቻ አይደለም የሚደብቀው። ሙሶሊኒ በመርዝ ጋዝ እንዲጠቀሙ ለጦር አዛዦቹ ለግራዚያኒና ለባዶሊዮ የፈቀደው በምስጢር ቴሌግራም ነው። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ድርጊቱን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከማይጨው እስከዚያ ቀን ስድሳ ዓመት አለፈ፤ በጋዙ ቆዳቸው የተላጠ፣ ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች ቃላቸው ሳይታመንላቸው አለፉ። ይህን ሳስብ እነዚያን የኢኒግማ ሣጥኖች በአድናቆት ብቻ ማየት አልችልም።

እንግሊዞችም ቢሆኑ ይህን ታሪክ ሊያጡት ነበር። የብሌችሊ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. እስከ 1974 ድረስ ለትዳር ጓደኞቻቸው እንኳ ሳይናገሩ ኖረዋል። መሐንዲሱ ቶሚ ፍላወርስ በ1,600 ገደማ ቫልቭ የሠራው ኮሎሰስ የተባለው የምስጢር መፍቻ ማሽን ከጦርነቱ በኋላ ተፈታቶ ሥዕላዊ ዕቅዱ ተቃጥሏል። ግቢውም እ.ኤ.አ. በ1991 ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር፤ ያዳኑት የአካባቢው የታሪክ ወዳጆች ናቸው። ቶኒ ሴል የተባለ መሐንዲስ ከተረፉ ጥቂት ፎቶግራፎችና ከሽማግሌዎች ትዝታ ተነሥቶ ኮሎሰስን እንደገና ሠራው። ያ ማሽን ዛሬ በዚያው ግቢ በሚገኘው የኮምፒውተር ሙዚየም እየሠራ ይታያል።

እኛ ዘንድ በማይጨው ዘመን ሬዲዮውን ተሸክመው የዘመቱት፣ ቁልፉን የመቱት፣ መልእክቱን የጻፉት ሰዎች አሉ። ስማቸውን የሚነግረን፣ መሣሪያቸውን የሚያሳየን አንድ ክፍል በሙዚየሞቻችን ውስጥ ሊኖር ይገባል። ለንደንና አካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖች ከዩስተን ጣቢያ በባቡር ተነሥታችሁ ብሌችሊ ብትወርዱ ግቢው የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፤ ልጆቻችሁን ውሰዷቸው፤ ስለ አምባ አላጌም ንገሯቸው። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ በአያት ሣጥን ውስጥ የቆየ የቴሌግራም ወረቀት፣ የሬዲዮ ሠራተኛ ፎቶግራፍ ወይም የአገልግሎት ደብተር ካላችሁ አትጣሉት። ለቤተ መዛግብት አስረክቡ፤ ባለቤቱ ማን እንደነበረም ጽፋችሁ አያይዙበት።